«ና» ሲባል የሚሸሽ ውሻ

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሳሪስ አካባቢ ነው። ቦቢ የሚባል የጀርመን ሸፐርድ ክልስ አለን። ሰባት ዓመቱ ነው። ከቡችላነቱ ያሳደገው አባቴ ነበር፤ አባቴ ሲያርፍ እኛ ጋ መጣ። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። በጥበቃ አይታማም። አሁን የ12 ዓመት ልጄ ቁጭ ማለት፣ ሲጠራ መምጣትና እጅ መስጠት ላስተምረው ብሎ ተነስቷል። ቦቢ ግን ግትር ነው። ‹ና› ሲባል እያየን ወደ ጓሮ ይሄዳል። ‹ቁጭ በል› ሲባል ፊቱን ያዞራል ወይም ያዛጋል። እኔ ከሥራ ስገባ ደግሞ ይዘልብኝና ልብሴን በጭቃ ያበላሸዋል። ዘበኛችን ‹ያረጀ ውሻ አይማርም፤ ዱላ ካላየ አይገባውም› ይላሉ። እውነት ጊዜው አልፏል? ወይስ ለአንድ ወር አሰልጣኝ ጋ ልስደደው?»

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጊዜው አላለፈም። ሰባት ዓመት ለዚህ ዓይነት ውሻ ጠና ያለ ዕድሜ ነው፤ ከትምህርት የሚያስቀር ግን አይደለም። እንዲያውም ከጻፉልኝ ነገር እንደምረዳው ቦቢ ጎበዝ ተማሪ ነው። ለዓመታት በየቀኑ አንድ ትምህርት ሲሰጠው ኖሯል፤ ትምህርቱንም አሳምሮ ይዞታል። ትምህርት እየተሰጠው መሆኑን ግን ማንም አላወቀም።

እስቲ ማለዳውን ያስቡት። ሌሊቱን ግቢው የእሱ ነው። ይሮጣል፣ ያሸታል፣ አጥር ለአጥር ይዞራል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ይወጣና «ቦቢ፣ ና!» ይላል። ቦቢ ይመጣል። ሰንሰለቱ አንገቱ ላይ ይገባል። ከዚያ በኋላ እስኪመሽ እዚያው ነው። በማግስቱም እንዲሁ። በዓመት 365 ጊዜ ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን «ና» ለቦቢ ምን ማለት እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ነፃነትህ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ ቃሉን ሲሰማ አይቶ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ይህ ንቀትም እልህም አይደለም። እሱ ቦታ ላይ ብንሆን እኛም እንሄድ ነበር።

ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ባሳተመው ጥናት ድመቶችንና ውሾችን ሳጥን ውስጥ እየዘጋ በሩን እንዴት ከፍተው እንደሚወጡ ይከታተል ነበር። ከዚያ ሥራው የወጣው ሐሳብ ዛሬም የእንስሳት ሥልጠና ሁሉ መሠረት ነው። እንስሳ ጥሩ ነገር ያስከተለለትን ድርጊት ይደግማል፤ ክፉ ነገር ያስከተለበትን ይተዋል። ቦቢ «ና» ሲባል መምጣት ያስከተለበትን ያውቃል። ስለዚህ መምጣቱን ተወው።

«ቁጭ በል» ሲባል ማዛጋቱስ? ይህን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ውሻ ሲያዛጋ ሁልጊዜ እንቅልፍ መጥቶበት ወይም ሰልችቶት አይደለም። ፊቱን ማዞር፣ ማዛጋት፣ የራሱን አፍንጫ መላስ፣ በድንገት መሬት ማሽተት መጀመር፣ እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ውሻው መጨነቁን ይናገራሉ። ልጅዎ ከፊቱ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ «ቁጭ በል! ቁጭ በል! ቁጭ በል!» ሲለው ቦቢ የሚያየው የተቆጣ ሰው ነው። ምን እንደተፈለገበት አያውቅም። ፊቱን ማዞሩ «ጠብ አልፈልግም» ማለቱ ነው።

ወደ ሥልጠናው ከመግባታችን በፊት ግን አንድ የማልዘለው ነገር አለ። ቦቢን የእንስሳት ሐኪም ይየው። የጀርመን ሸፐርድ ዘር የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይበዛበታል፤ ክልሱም ከዚህ ነፃ አይደለም። ዳሌው ለሚያመው ውሻ ቁጭ ማለት ራሱ ሕመም ነው። በተለይ በክረምት፣ በብርድ ሲሚንቶ ላይ ሲተኛ ያደረ ውሻ ጠዋት ሲነሳ ኋላው ተሳስሮ ካዩ፣ ወይም ቁጭ ሲል ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ግትር የተባለው ውሻ ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል። ጆሮውንም ያስመርምሩ። ቤት ውስጥ መሞከርም ይቻላል። ጀርባውን ሰጥቶ ሳለ፣ ከሩቅ፣ ብስኩት የሚወድ ከሆነ የብስኩት ላስቲክ ኮሽ አድርጉ። ጆሮውን ካላንቀሳቀሰ ላይሰማ ይችላል ማለት ነው። መዥገር የሚያመጣው በሽታም ውሻን ያደክማል፤ ጨዋታ ያስጠላዋል። ክሊኒክ ከሄዳችሁ አይቀር የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ዘንድሮ መሰጠቱን አረጋግጡ። ልጅ እጁን ወደ አፉ ሊያስጠጋ ነውና ይህ ለነገ አይባልም።

ጤናው ደህና ነው እንበል። ዕድሜስ?

በቪየና፣ ኦስትሪያ፣ ተመራማሪዎች 95 ቦርደር ኮሊ ውሾችን ወስደው ስክሪን በአፍንጫቸው እየነኩ ሥዕል እንዲመርጡ አስተማሩ። ትንሹ የ5 ወር ቡችላ ነበር፤ ትልቁ 13 ዓመቱ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታተመ። ትልልቆቹ አዲስ ነገር ለመያዝ ከትንንሾቹ ይልቅ ብዙ ድግግሞሽ ፈለጉ። ከስድስት ወር በኋላ ሲፈተኑ ግን የተማሩትን በማስታወስ ከወጣቶቹ አላነሱም። እኔ በጣም የምወደው ሦስተኛው ግኝት ነው። «ይህኛው ስህተት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ አዲሱ ልክ መሆን አለበት» የሚያሰኝ ፈተና ሲሰጣቸው ትልልቆቹ በለጡ። ምናልባትም ምክንያቱ አንዴ የያዙትን በቀላሉ አለመልቀቃቸው ነው።

ይህ ለቦቢ ሁለት ነገር ይነግረናል። አንደኛ፣ ከቡችላ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የተማረው ግን ይቆያል። ሁለተኛ፣ ስለ «ና» የያዘውን የድሮ ትምህርት በቀላሉ አይጥልም። ስለዚህ ያንን ቃል ለማከም ከመድከም አዲስ መጀመር ይሻላል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ክፍያውን እናዘጋጅ። ቦቢ በነፃ አይሠራም፤ ማንም አይሠራም። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ዝም ብለው አይደለም። ግን ምን ይብላ? የቤት ትርፍራፊ አይሆንም። ወጥ የነካው እንጀራ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለው፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ። ቸኮሌትና ዘቢብም መርዝ ናቸው። የሚሻለው ከሥጋ ቤት ጉበት ወይም ሳንባ ገዝቶ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም በደንብ መቀቀል ነው። በደንብ ያልኩት ሆነ ብዬ ነው። በአገራችን የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት የሚፈጥር ትል አለ። ውሻ በጥሬው ሲበላው ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከሰገራው ጋር ይወጣል፤ ሰው ላይ ደግሞ በጉበትና በሳንባ ከባድ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይንፈቅፈቅ። የኮሶ ትል መድኃኒቱንም ሐኪሙ በሚለው ጊዜ ይስጡት።

ሲበርድ እንደ ሽምብራ ፍሬ አሳንሰው ይቁረጡት። ትልቅ ቁራጭ ጥቅም የለውም፤ ሆዱን ይሞላና ትምህርቱ ያበቃል። በዐቢይ ጾም ብዙ ሥጋ ቤት ስለሚዘጋ ቀድሞ ቀቅሎ በትንንሽ ላስቲክ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። በጾም ሥጋ ወደ ቤታችሁ ባይገባ የምትመርጡ ከሆነ በርበሬ የሌለው ዳቦ ቆሎም ይሆናል፤ ቦቢ ከወደደው ማለት ነው። የሚወደውን የሚወስነው እሱ ነው። ሥልጠናው ደግሞ ከምግብ በፊት እንጂ በኋላ አይሁን። የጠገበ ውሻ ለሽምብራ ፍሬ አይደክምም።

ቀጥሎ አንድ ቃል ይምረጡ። እኔ «ጎሽ!» እመርጣለሁ። አጭር ነው፤ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አፋችንም ለምዶታል። ለአንድ ሁለት ቀን ከቦቢ ምንም አትጠይቁት። «ጎሽ!» ይበሉ፣ ወዲያው ጉበት ይስጡት። ደግመው «ጎሽ!»፣ ደግመው ጉበት። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ያሳየው ይኸው ነው፤ ምግብን ደጋግሞ የሚቀድም ድምፅ እንደ ምግቡ ራሱ የውሻን ምራቅ ያመጣል። ቦቢ ቃሉን ሲሰማ ቀና ብሎ እጅዎን መፈለግ ሲጀምር ዝግጁ ነው። ከዚህ በኋላ «ጎሽ» ካሜራ ነው። የፈለጉትን ነገር ባደረገባት ቅጽበት ጠቅ ያደርጋሉ፤ ጉበቱ ግን አንድ ሁለት ሰከንድ ዘግይቶ ቢደርስም ችግር የለውም። ያለዚህ ቃል ምግቡ ሲደርስ ውሻው ሌላ ነገር እያደረገ ይሆናል፤ የተሸለመበትን አያውቅም።

አሁን «ቁጭ በል»። ከሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ግቢው ጸጥ ባለበት ሰዓት ይሁን። ሴራሚክ ላይ አይሁን፤ ያንሸራትተዋል። ሣር ወይም የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ይሁን። ልጁ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዞር ብሎ ይቁም። ምንም ቃል አይናገር። ጉበቱን አፍንጫው ጋ ያስጠጋና ቀስ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ኋላ፣ ወደ ጆሮዎቹ መሃል ይውሰደው። አፍንጫ ሲከተል ጭንቅላት ቀና ይላል፤ ጭንቅላት ቀና ሲል ኋላ ዝቅ ይላል። መቀመጫው መሬት ሲነካ «ጎሽ!»። መጀመሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ ባይቀመጥ እንኳ የኋላ እግሮቹ ሸብረክ ሲሉ ይሸለም። ነገ ትንሽ ዝቅ ሲል፣ ከነገ ወዲያ ሲቀመጥ። ወገቡን በእጅ መጫን አይፈቀድም። ዳሌውን ሊያሳምመው ይችላል፤ ደግሞ የተጫነ ውሻ መግፋት ይማራል እንጂ መቀመጥ አይማርም።

«ቁጭ በል» የሚለው ቃል የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። እጁ ገና ሲነሳ ቦቢ መቀመጥ ከጀመረ፣ ያን ጊዜ ልጁ ቃሉን አንዴ ብቻ ይበል፣ ከዚያ እጁን ያንሳ። አንዴ ብቻ። አምስቴ የተባለ ቃል ለውሻ የሚነግረው አራቱ ከንቱ መሆናቸውን ነው። ቤተሰቡም ይስማማ። እርስዎ «ቁጭ በል»፣ ባለቤትዎ «ተቀመጥ»፣ ሠራተኛዋ «አርፈህ ቁጭ በል አንተ!» የሚሉ ከሆነ ቦቢ ሦስት የተለያየ ቋንቋ እየሰማ ነው።

እጅ መስጠት ከዚህ ይቀላል፤ ልጆችም በጣም ይወዱታል። ጉበቱን በጭብጥ ይያዝና እጁን ዝቅ አድርጎ ከቦቢ ፊት ያድርግ። ቦቢ ያሸታል፣ ይልሳል፣ በአፍንጫው ይገፋል። ዝም ይባል። ሲቸግረው በፊት እግሩ ይነካዋል። በዚያች ቅጽበት «ጎሽ!» ብሎ ጭብጡን ይክፈት። ጥቂት ቀን እንዲህ ከሠሩ በኋላ ባዶ መዳፍ ይዘረጋል፤ ጉበቱ ከሌላኛው እጅ ይመጣል። ከዚያ «እጅህን ስጠኝ» ይባላል። በጥርሱ የሚቸኩል ከሆነ ግን ይህን ትምህርት እርስዎ ራስዎ ይጀምሩት እንጂ ልጁ አይጀምረው።

እንደ ቦቢ ላለ ውሻ ከሁሉ የምመክረው ደግሞ እናንተ ያልጠየቃችሁትን ነው። ከሰንሰለት ሲፈታ ወይም ከእንቅልፍ ሲነሳ ያስተውሉት። የፊት እግሮቹን ዘርግቶ፣ ደረቱን መሬት አስጠግቶ፣ ወገቡን ወደ ላይ አድርጎ ይንጠራራል። ልክ ያን ጊዜ «ጎሽ!» ይበሉና ይሸልሙት። በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያደርገው ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ግን አንድ ቀን ቦቢ እያያችሁ ሆነ ብሎ ይንጠራራል። ያኔ «እጅ ንሳ» የሚል ስም ስጡት። ለእንግዳ አጎንብሶ እጅ የሚነሳ ውሻ ይኖራችኋል ማለት ነው። ከዚህ የምወደው የትርዒቱ ማማር ብቻ አይደለም። ማንም አልገፋውም፣ ማንም አልጎተተውም። ራሱ የሚያደርገው ነገር ዋጋ እንዳለው ሲገባው፣ ዓመታት ታስሮ የኖረ ውሻ ሌላም ነገር መሞከር ይጀምራል። የውሻ ዓይን ያን ጊዜ ሲለወጥ ማየት በዚህ ሥራ ከሚያጋጥሙኝ ደስታዎች ሁሉ ይበልጥብኛል።

አሁን ወደ መምጣት። «ና»ን ይተዉት። ፉጨት ይጠቀሙ። በአፍ ማፏጨት የማይችል የቤት ሰው ካለ ትንሽ ፊሽካ ይገዛ። መጀመሪያ ቦቢ አጠገብዎ ቆሞ ሳለ ያፏጩና ጉበት ይስጡ። በማግስቱ ሁለት እርምጃ ርቀው። ከዚያ ከግቢው ወዲያኛው ጫፍ። ከዚያ ከቤት ጀርባ፣ ሳያይዎት። ወደ እርስዎ ሲመጣ አይንጠራሩበት፣ አንገቱን ለመያዝ አይጣደፉ። ይብላ፣ ይሂድ። መምጣት መያዝ አለመሆኑን ደጋግሞ ይየው። በፉጨት ተጠርቶ መጥቶ ተመልሶ መሄድ የዚህ ሁሉ ትምህርት ልብ ነው።

በፉጨት ጠርታችሁ ግን ፈጽሞ እንዳታስሩት። አንድ ቀን ዝናብ ሲመጣ፣ አንድ ቀን እንግዳ ሲደርስ «ዛሬ ብቻ» ማለት ያምራችኋል። በሁለት ሳምንት የገነባችሁት በሦስት ጠዋት ይፈርሳል። ታዲያ ጠዋት እንዴት ይታሰር? ቁርሱን ማደሪያው ጋ ወስደው ያስቀምጡ። ራሱ መጥቶ በልቶ ሲጨርስ፣ አጠገቡ ሆነው ረጋ ብለው ይሰሩት። አፉ ምግብ ላይ ሳለ አይንኩት፤ ደግ ውሻም ያን ጊዜ ሊናከስ ይችላል። ሲቻል ደግሞ ቀን ላይ ሩብ ሰዓት ፈትተው ያንቀሳቅሱት፣ ከዚያ እንደገና ይሰሩት። ያን ጊዜ ሰንሰለት የቀኑ ሁሉ ፍርድ መሆኑ ይቀራል። እውነቱን ለመናገር፣ ቀኑን ሙሉ ማሰሩ ቀርቶ በሽቦ የታጠረ ሰፊ ማደሪያ ብትሠሩለት ከማንኛውም ትምህርት በላይ ይለወጣል። ብዙ ሰዓት የታሰረ ውሻ የተጠራቀመ ጉልበት አለው፤ ሲፈታ ለመስማት ጊዜ የለውም። ሥልጠናውን ከመጀመራችሁ በፊት ትንሽ ይሩጥ፣ ያሽት፣ ሽንቱን ይሽና።

መዝለሉ አጭር መልስ ነው። ቦቢ የሚዘለው ፊትዎን ፈልጎ ነው። ሲገፉትና «ተው!» ሲሉት እጅዎንም ድምፅዎንም አገኘ ማለት ነው፤ ሊያገኝ የፈለገውን አገኘ። ስለዚህ ሲዘል ጀርባዎን ይስጡት፤ አይንኩት፣ አያናግሩት። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ «ጎሽ!» ብለው ጎንበስ ብለው ያሻሹት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይብስበታል። ድሮ የሠራለት ነገር ለምን እንዳልሠራ ግራ ገብቶት አጠንክሮ ይሞክራል። ይህ የመጨረሻ ሙከራው ስለሆነ እዚያ ላይ እንዳትሸነፉ። አሮጌ ጋቢ ወይም የሥራ ካፖርት በር ላይ ይሰቀልና ለሁለት ሳምንት እሱን ደርበው ይግቡ። «ቁጭ በል»ን ሲለምድ ደግሞ በር ላይ ቁጭ እንዲል ይጠይቁት። ቁጭ ያለ ውሻ መዝለል አይችልም።

ሰዓቱ አጭር ይሁን። ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ይበቃል። ቦቢ ገና እየፈለገ ሳለ ያቁሙ። ጓሮ የተማረውን በር ላይ ካላደረገ አይፍረዱበት። ውሻ ቁጭ ማለትን የሚማረው ከቦታው ጋር ነው። በር ላይ መኪና አለ፣ የጎረቤት ውሻ አለ፣ ቆራሌው አለ። እዚያ ሲደርሱ እንደገና ከሀ ይጀምሩ፤ ሁለተኛው ጊዜ ፈጥኖ ይይዘዋል። በደንብ ሲያውቀው ጉበቱን ሁልጊዜ ሳይሆን አልፎ አልፎ ይስጡ። አንዴ ሁለት ቁራጭ፣ አንዴ ማሻሸት፣ አንዴ ምንም። መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ ሽልማት ልማዱን ያጸናዋል።

ስለ ዱላው የዘበኛዎን ሐሳብ በአክብሮት አልቀበለውም። ዱላ አይሠራም አልልም፤ ውሻ ፈርቶ ሊቆም ይችላል። ግን የሚማረው ሰው ሲቀርብ መፍራትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በፖርቱጋል የፖርቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሚመሩት ቡድን በ92 ውሾች ላይ ያደረገውን ጥናት አሳትሞ ነበር። በቅጣት የሚሠለጥኑት በሥልጠና ሰዓት በምራቃቸው ውስጥ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ይበልጥ ጨምሮ ተገኘ። በብዛት ያዛጉ የነበሩትም፣ አፋቸውን ይልሱ የነበሩትም እነሱ ነበሩ። ቦቢ ቀድሞውኑ እያዛጋ ነው። ዱላ ከጨመሩበት አንድ ቀን ማዛጋቱን ትቶ ጥርሱን ያሳያል፤ ያ ጥርስ ደግሞ ልጅዎ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

ዘበኛው የፈሩት ሌላ ነገር እንዳለ ግን እገምታለሁ፤ ብዙ ሰው ይፈራዋል። ውሻው ከለመደና ጉበት ከቀመሰ ለሌባም ይለምዳል የሚል ነው። ሥጋታቸው መሰማት አለበት፤ ሌሊት ከቦቢ ጋር የሚያድሩት እሳቸው ናቸው። ጉበት የሚሰጠው የቤት ሰው ብቻ ይሁን፣ እንግዳ አይስጠው። ቁጭ ማለትና እጅ መስጠት የቦቢን ጆሮም አፍንጫም አይቀንስም። በፉጨት የሚመለስ ውሻ ለዘበኛም ይመቻል፤ በሌሊት በር ሲከፈት ወደ መንገድ አይወጣም። እሳቸውንም ፉጨቱን ያስተምሯቸውና አንድ ኪስ ጉበት ይስጧቸው። እሳቸው ካልገቡበት ይህ ሥልጠና አይጸናም፤ ቦቢ ከእናንተ ይልቅ ከእሳቸው ጋር ብዙ ሰዓት ያሳልፋልና።

ልጁን በተመለከተ፣ መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከአጠገቡ አይለዩ። ምግብ በጣት ጫፍ ሳይሆን በተዘረጋ መዳፍ ይስጥ። ቦቢ ታስሮ ሳለ፣ ሲበላና ሲተኛ አይጠጋው። ቦቢ ካጉረመረመ ይቁም፣ ቀስ ብሎ ይራቅ። ስላጉረመረመ አይቆጡት፤ ማስጠንቀቂያውን ያጠፋችሁበት ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ምናልባት ጥርሱ ቆዳ ከላጠ፣ የተከተበም ቢሆን፣ ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሰልጣኝ ጋ መላኩን አሁን አልመክርም። አንድ ወር ርቆ ቢቆይ አሰልጣኙን መስማት ተምሮ ይመጣል። ቤት ሲመለስ ግን ያው «ና»፣ ያው ሰንሰለት ይጠብቀዋል። የሚሻለው በሳምንት አንዴ ወደ ግቢያችሁ የሚመጣና እናንተን የሚያሠለጥን ሰው ነው። ካገኙ ከመስማማትዎ በፊት ከሌላ ሰው ውሻ ጋር ሲሠራ ይዩት። ውሻው ጭራው ወደ ሆዱ ገብቶ የሚሠራ ከሆነ ይመለሱ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ፉጨት ሰምቶ የማይመጣ፣ ወይም ጉበት ቀርቦለት የማይበላ ከሆነ ደግሞ የሥልጠናውን ነገር ትተው እንደገና ሐኪም ያሳዩት። ሲሄዱ፣ ጠዋት ሲነሳ እንዴት እንደሚራመድ በስልክዎ ቪዲዮ ቀርጸው ይያዙ፤ ክሊኒክ ሲገባ ደንግጦ ሕመሙን ይደብቃል።